የብርድ ወራት የፊት ቆዳ ድርቀት፦ ከደጋው በጋ እስከ ባሕር ማዶው ክረምት

ስለ ብርድ ወራት የፊት ቆዳ አጠባበቅ በአማርኛ የሚሰጡት ምክሮች አብዛኛዎቹ ከሌሎች ቋንቋዎች የተመለሱ በመሆናቸው ገና ከመነሻቸው አንድ የቃል ችግር ይዘው ይመጣሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት የሚዘልቀው ቀዝቃዛ ወቅት በአማርኛ «ክረምት» እየተባለ ይተረጎማል። በኢትዮጵያ ግን ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ አየሩም በርጥበት ይሞላል። በደጋው ክፍል ፊት የሚነጣው፣ ከንፈር የሚሰነጠቀው፣ የሕፃናት ጉንጭ የሚሻክረው በክረምት ሳይሆን በበጋ፣ ይልቁንም ውርጭ በሚወርድባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ነው። የተተረጎመውን ምክር ቃል በቃል የሚከተል የደብረ ብርሃን ነዋሪ ቅባቱን የሚያበዛው ቆዳው ብዙም በማይቸገርበት በሐምሌ፣ የሚተወው ደግሞ ቆዳው አብዝቶ በሚሻበት በታኅሣሥ ይሆናል ማለት ነው።

ችግሩ ከትርጉም ያለፈ ነው። ከበስተኋላው ቆዳን የሚያደርቀው ብርዱ ነው የሚል ሰፊ እምነት አለ። ብርድ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት በአየሩ ውስጥ የሚገኘው የውሃ እንፋሎት ማነስ ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን የምሁራን ክርክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ፊት መቼ፣ በምንና በምን ቅደም ተከተል መቀባት እንዳለበት የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ድርቀቱ በወቅቱ ካልታከመ በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ያልፋል፤ ያንን ነጠብጣብ ለማጥፋት ሲባል የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድርቀቱ የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

ቆዳን የሚያለሰልሰው ምንድን ነው?

የቆዳ የመጨረሻው የላይኛው ንጣፍ ስትራተም ኮርኒየም ይባላል። በፊት ላይ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይቀጥናል። ተመራማሪዎች አሠራሩን ከጡብ ግንብ ጋር ያመሳስሉታል። ጡቦቹ ሕይወታቸውን የጨረሱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው። በጡቦቹ መካከል ያለው ማጣበቂያ ደግሞ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል፣ የቀረው በአብዛኛው ፋቲ አሲድ የሆነ ስብ ነው። ይህ ማጣበቂያ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ እንዳሻው እንዳይተን ያግዳል። በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ ውሃን አቆራኝተው የሚይዙ ጥቃቅን ውህዶች አሉ።

ለስላሳነት ከዘይት ይመጣል የሚለው አስተሳሰብ በሳይንሱም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢርቪን ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ሥራ ይህን አመለካከት ለወጠው። ብላንክ ከውስጥ እግር የተወሰደ ጠጣር ቆዳ አድርቆ በልዩ ልዩ ዘይቶች ውስጥ ቢያኖረውም ቆዳው እንደ ደረቀ ቀረ፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ለሰለሰ። ስለዚህ የለስላሳነት ምንጭ ውሃ ነው፤ የዘይትና የቅባት ሥራ ውሃው እንዳያመልጥ መክደን ነው። በደረቀ ፊት ላይ ቫዝሊን የሚቀባ ሰው ባዶ ድስት እንደሚከድን ሰው ይቆጠራል። ክዳኑ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ግን የሚጠበቅ ብዙ ነገር የለም።

ቆዳ ውሃ ሲያጣ የሚሆነው መሰነጣጠቅ ብቻ አይደለም። አሮጌዎቹ ሕዋሳት ከላይ እየተለዩ እንዲራገፉ የሚያደርጉት ኢንዛይሞች ለመሥራት ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ውሃው ሲያንስ ሕዋሳቱ በአግባቡ ሳይላቀቁ በቁልል ይቀራሉ፤ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑም ጥቁር ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ቆሻሻ ነው ብሎ አብዝቶ በሳሙና ይፈትገዋል፤ በዚህም የቀረውን ማጣበቂያ ጭምር ያጥባል።

ወቅቱ ራሱም ማጣበቂያውን ያሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሮጀርስና የባልደረቦች ጥናት በፊት፣ በእጅና በእግር ቆዳ ላይ የሚገኘው ስብ በቀዝቃዛው ወቅት በጉልህ እንደሚቀንስ፣ በዕድሜ መግፋትም እንዲሁ እንደሚመናመን አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በነጭ ሴቶች ላይ በመሆኑ መጠኑን እንዳለ ወደ ሌላ ሕዝብ መውሰድ አይገባም፤ የአረጋውያን ፊት በብርድ ወራት ቀድሞ የሚደርቅበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ይጠቅማል።

አየሩ የሚጠጣው ውሃ

ቀዝቃዛ አየር ብዙ የውሃ እንፋሎት መያዝ አይችልም። በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሞልቶ እስኪተርፈው ድረስ የሚይዘው 6 ግራም ያህል ውሃ ነው። ይኸው አየር ሌላ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 20 ዲግሪ ቢሞቅ የመያዝ አቅሙ ከ17 ግራም ያልፋል፤ ያለው ግን አሁንም 6 ግራም ነው። አንጻራዊ ርጥበቱ ከመቶ ወደ 34 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። የጎደለውን ከሚያገኘው ሁሉ ይስባል፦ ከሚደርቀው ልብስ፣ ከአፈሩ፣ ከሰው ፊትም።

ይህ ስሌት ሁለት እጅግ የተራራቁ ቦታዎችን ያገናኛል። የጥር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት በሚኒያፖሊስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከውጭ የሚገባው አየር በማሞቂያ ይሞቅለታል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የነበረ አየር በቤት ውስጥ 20 ዲግሪ ሲደርስ ርጥበቱ ወደ 14 በመቶ ያህል ይወርዳል። በቤቱ ውስጥ የሚፈላው፣ የሚታጠበውና የሚተነፈሰው ነገር ጥቂት ርጥበት ቢመልስለትም አየሩ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የዚህን ሰው ፊት በዋናነት የሚያደርቀው የደጁ በረዶ ሳይሆን የሳሎኑ ሙቀት ነው።

በ2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ንጋት ላይ የሙቀት መጠኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም በታች ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ ከሰዓት በፊት ፀሐይዋ አየሩን ታሞቀዋለች፤ በቀትር 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በባሕር ማዶ ማሞቂያው በቤት ውስጥ የሚሠራውን በደጋው ፀሐይ በሜዳ ላይ ትሠራዋለች። በዚያ ላይ የበጋው ነፋስ ይጨመራል። ነፋስ በቆዳ ላይ የሚያርፈውን ስስ የርጥብ አየር ሽፋን እየጠረገ ስለሚወስድ ትነቱን ያፋጥናል። «ፊቱን ብርድ በላው» የሚባለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን የበላው የረፋዱ ደረቅ ነፋስ ነው። ወላጆች ግን ልጁን በማለዳ ሸፍነው ከሰዓት በኋላ ሞቀ ብለው ይገልጡታል።

ደመና የማይጋርዳት ፀሐይ

ከውጭ የተቀዳው ምክር ሁለተኛ ጉድለት ፀሐይን የሚመለከት ነው። በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ በላይ የምትወጣው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያ ወቅት የፀሐይ መከላከያ ቅባት መተው ከባድ ጥፋት አይደለም። በደብረ ብርሃን ግን በዚያው ቀን ፀሐይዋ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህ ስሌት በደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ይበረታል። ብርዱ ፊትን ስለሚያቀዘቅዝ የማቃጠሉ ስሜት አይታወቅም። ሰው ፀሐይ እየሞቀ መስሎት ለሰዓታት ይቀመጣል።

በጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት መሠረት 13 ያህል የመከላከል መጠን ካለው የፀሐይ ቅባት ጋር የሚነጻጸር ጥበቃ ይሰጣል። ይህ ከቃጠሎ በእጅጉ ይጠብቃል፤ ከማድያትና ከጥቁር ነጠብጣብ ግን አይጠብቅም፣ ምክንያቱም ለፀሐይ የሚሰጠው ምላሽ ሜላኒን መጨመር ነውና። ሜላኒን የሌላቸው ወይም ያነሳቸው አልቢኖ ወገኖች ደግሞ ይህ ጥበቃ ፈጽሞ ስለሌላቸው በበጋው ብርድ ባርኔጣቸውን ማውለቅ አይገባቸውም።

ጥቁር ፊት ሲቆጣ

የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት የቆዳን መቆጣት በመቅላት ያስረዳሉ። በጥቁር ፊት ላይ ግን መቅላቱ እምብዛም አይታይም፤ ወይም ወደ ጥቁርነትና ወደ ወይን ጠጅነት ያደላል። ስለዚህ ፊት ሲታጠብ መወጠሩ፣ ቅባት ሲነካው ማቃጠሉ፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ አሸዋ መሻከሩ ከመልኩ ይልቅ የሚታመኑ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ችላ ተብለው ቁጣው ሲቆይ ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት ይነቃቃሉ፤ ድርቀቱ ካለፈ በኋላም ጥቁር ጥላ ለወራት ይቀራል።

ትልቁ ጉዳት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥላውን ለማጥፋት ሎሚ የሚቀቡ አሉ፤ የሎሚ ጭማቂ እጅግ አሲዳማ ከመሆኑ ሌላ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አቃጥሎ የባሰ ያጠቁራል። ሌሎች እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶችን ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገዛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሰጡ ጠቃሚ ናቸው። በፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያጎላሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፤ ሲቋረጡም ፊት ከቀድሞው ይልቅ ይቆጣል። አታላይ የሚያደርጋቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ማጥራታቸውና ማሳከክን ማስታገሣቸው ነው፤ ተጠቃሚዋ መድኃኒቷን ያገኘች ይመስላታል። ሜርኩሪ ያለባቸው ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶች ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ማጣበቂያው በብርድ ወራት የሳሳ ቆዳ እነዚህን ነገሮች ከሌላ ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ጉዳቱን ያከብደዋል።

ማጠብ፣ ማርጠብ፣ መክደን

ከዚህ የሚከተለው አጠባበቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተራ ሳሙና ፒኤች መጠኑ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ የጤነኛ ፊት ግን 5 አካባቢ ነው። ስለዚህ በብርድ ወራት ፊትን በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይም ማታ፣ ለስላሳ በሆነ ሳሙና መታጠብ በቂ ነው፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻውን ይበቃል። ለልብስ የሚውል ሳሙና ወደ ፊት ባይቀርብ ይመረጣል። የፈላ ውሃ ስቡን ስለሚያሟሟ ደስ ቢልም አይጠቅምም።

ወሳኙ ጊዜ ከመታጠብ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። ፊት በፎጣ ሳይፈተግ ታብሶ ገና ርጥበቱ ሳይለቅ መቀባት አለበት። ርጥብ ፊት ይዞ ወደ ነፋስ መውጣት፣ ውሃው ሲተን ቆዳውን ይበልጥ ስለሚያደርቀው፣ ካለመታጠብ ይብሳል። በየፋርማሲው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ግሊሰሪን ውሃን የሚስብ ስለሆነ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሳይቀጥን በደረቅ አየር ውስጥ ብቻውን ሲቀባ የሚስበውን ውሃ ከቆዳው ከራሱ ሊወስድ ይችላል። በውሃ ቀጥኖ ርጥብ ፊት ላይ ከተቀባ በኋላ በላዩ ስስ ቫዝሊን ቢደረብበት ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ቫዝሊን እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ከተሰጠው ወዲህ ብዙ ውድ ቅባቶች ተፈጥረዋል፤ ትነትን በመግታት ግን የሚበልጠው እምብዛም አልተገኘም። ፊቱ ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ሴራማይድ ያለበት ቀለል ያለ ክሬም ቢመርጥ ይስማማዋል።

ለጋ ቅቤም በአገር ቤት የቆየ መክደኛ ነው። ስቡ ትነትን መቀነሱ አይካድም፤ ሆኖም በውስጡ የቀረው ወተት ቶሎ ይበላሻል፣ ሽታውም ይለወጣል። ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ደግሞ ለተቆጣ ቆዳ ፈጽሞ አይሆንም። ቫዝሊን በማይገኝበት ቤት ትኩስ ለጋ ቅቤ በስሱ መቀባት ምንም ካለመቀባት ይሻላል ማለት ይቻላል።

ከንፈር የተለየ ትኩረት ይሻል። ሽፋኑ ስስ ነው፤ እንደ ግንባርና አፍንጫ የራሱ ወዝ የለውም። በምላስ ማርጠብ ለቅጽበት ያሳርፋል፤ ነገር ግን ምራቁ ሲተን ከንፈሩን የባሰ ያደርቀዋል፣ በምራቅ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞችም ያስቆጡታል። በልጆች አፍ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚታየው ጥቁር ክብ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ልማድ ውጤት ነው። ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ቫዝሊን ማኖር ይረዳል።

ከቅባቱ ባልተናነሰ መከለያ ይጠቅማል። በደጋው እረኛ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የሚከናነበው ከብርዱ ለመዳን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ትንፋሹን ርጥበት በፊቱ ዙሪያ ያቆያል፣ ነፋሱንም ይከላከላል። ቀን ላይ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፣ ለሚችል ደግሞ መጠኑ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይታከልበታል። ማድያት ላለባቸው ሰዎች የብረት ኦክሳይድ ቀለም ያለበት ዓይነት ይመረጣል፤ በዓይን የሚታየውን ብርሃንም ስለሚጋርድ፣ በጥቁር ፊት ላይም ነጭ ስለማይተው። የከሰል ምድጃ አጠገብ ፊትን አስጠግቶ መቀመጥ ግን ቆዳን ከማድረቁም በላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሕይወት አስጊ የሆነ ጭስ አልባ መርዝ ያመጣል።

ሁሉም የፊት ቁስል የብርድ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ደጋዎች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር በተለይ በልጆች ጉንጭና አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ አያምም፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ለወራትም አይድንም። በአንድ ቦታ ብቻ ተወስኖ በሁለት ሦስት ሳምንት የቅባት እንክብካቤ ያልተሻለው እብጠት ወይም ቁስል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በልጆች ጉንጭ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ሸካራ ክብ በአብዛኛው ከድርቀት ጋር የተያያዘና ጊዜ ሲሰጠው የሚለቅ ነው፤ ወላጆች ለምጽ መስሏቸው ሊደነግጡ አይገባም። የነጣው ቦታ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ግን የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በባሕር ማዶ ለሚኖሩት ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ቦታው ይለያያል። ዋናው ድርቀት ቤት ውስጥ ስለሆነ የማሞቂያውን መጠን መቀነስና አየር ማርጠቢያ መሣሪያ መጠቀም ከክሬም ለውጥ ይልቅ ይረዳል። ከዜሮ እጅግ በታች በሆነ ብርድ ደግሞ ቅባት ፊትን ከመርጋት እንደማያድን በፊንላንድ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እንዲያውም ቅባቱ የሚሰጠው የመሞቅ ስሜት ሰውን ያዘናጋል። እዚያ የሚያድነው ሻርብ ነው። ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚመጡት ብዙዎች ከብርድ ወደ ሙቀት የሚሄዱ መስሏቸው ቅባታቸውን ትተው ይመጣሉ። በአዲስ አበባም ሆነ በላሊበላ የሚጠብቃቸው ግን ትተውት ከመጡት ሳሎን ጋር የሚቀራረብ ደረቅ አየርና በሚኖሩበት አገር በዚያ ወቅት ፈጽሞ የማያገኙት ብርቱ ፀሐይ ነው። ማርጠቢያ ቅባቱን ይዘው፣ የፀሐይ መከላከያውን ጨምረው ቢመጡ ይበጃቸዋል።